የሚያዳምጥ ሬዲዮ ባትሪ ይበላል፦ በባትሪ የሚሠራ ገመድ አልባ መረብ ለሚጀምሩ የቀረበ ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ2005 ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ የድንች ማሳ ላይ መቶ ያህል ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኖች ተተከሉ። ሥራው የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሎፋር አግሮ የተሰኘ ፕሮጀክት ነበር። ፋይቶፍቶራ የሚባለው የድንች በሽታ የሚስፋፋው በቅጠሉ ዙሪያ ያለው እርጥበትና ሙቀት ሲመቸው ነው። እነዚህን ሁለቱን ከማሳው ውስጥ እየለካ በሬዲዮ የሚያሳውቅ መረብ ካለ፣ ገበሬው መድኃኒት የሚረጨው በሚያስፈልግበት ቀንና ቦታ ብቻ ይሆናል። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ነገር ግን ሶፍትዌሩን በአየር ላይ ለማደስ የተጫነው ፕሮግራም ሬዲዮዎቹን ዕረፍት ነሣቸውና ባትሪዎቹ በ4 ቀን አለቁ። ችግሩ ታርሞ መረቡ እንደገና ሲነሣ 3 ሳምንት ያህል ሠራ፤ የተሰበሰበው መረጃም መሰብሰብ ከነበረበት 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። ተመራማሪዎቹ የገጠማቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝረው በ2006 አሳተሙት። በዚህ መስክ ለጀማሪ ከተጻፉ ጽሑፎች ሁሉ የእነሱን ያህል የሚጠቅም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ብቻ ይገኝ የነበረው መሣሪያ ዛሬ በጥቂት ዶላር ይገዛል። ተማሪው፣ ጓሮ አትክልት የሚያለማው፣ የውኃ ታንከሩ ስንት እንደቀረው ከቤት ሳይወጣ ማወቅ የሚፈልገው ሁሉ ይሠራዋል። ሥራውን የሚያከሽፈው ነገር ግን ያው ነው። አሁንም ብዙ መረቦች የሚሞቱት ቺፑ አቅም አጥቶ ሳይሆን ሬዲዮው ማረፍ ሲገባው ሳያርፍ ቀርቶ ነው። ስለዚህ «የትኛውን ቦርድ ልግዛ?» ከማለት በፊት ሁለት ነገር መለየት አለበት። መሣሪያው ከቀኑ ውስጥ ስንቱን ተኝቶ ያሳልፋል? ተኝቶ ሳለስ ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝ መስማት ይኖርበታል ወይ? ቺፑም፣ ሬዲዮውም፣ የባትሪው ዓይነትም ከእነዚህ መልሶች በኋላ ይመጣሉ።

ሒሳቡ አይከብድም። አንድ ዓመት 8760 ሰዓት ነው። ሳያቋርጥ 1 ማይክሮአምፔር የሚስብ መሣሪያ በዓመት 9 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ 100 ማይክሮአምፔር የሚስበው 880 ገደማ፣ 1 ሚሊአምፔር የሚስበው ደግሞ 8800 ገደማ። ደኅና የሚባል የኤኤ መጠን አልካላይን የባትሪ ድንጋይ ከ2000 እስከ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። ሁለት ድንጋይ ተከታትለው ሲቀጠሉ ቮልቴጁ ይጨምራል እንጂ ይህ አቅም አይጨምርም። እንግዲህ ምንም ሳይሠራ 1 ሚሊአምፔር የሚያፈስ ቦርድ ባትሪውን በሦስት ወር ገደማ ይጨርሳል። 10 ማይክሮአምፔር ብቻ የሚስበው ግን ባትሪው በዕድሜ ብዛት እስኪደክም ድረስ ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ነው፤ በዓይን ግን ምንም አይታይም፤ ሁለቱም ቦርዶች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንድ ናቸው።

መንቃትም የራሱ ዋጋ አለው። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ የሚያመርተውን ኢኤስፒ32 እንውሰድ። ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ዋይፋይ ራውተሩን ፈልጎ፣ የይለፍ ቃል ተለዋውጦ፣ አድራሻ ተቀብሎ፣ አንዲት ቁጥር ልኮ እስኪተኛ 3 ሰከንድ ቢፈጅበትና በዚያ ጊዜ በአማካይ 100 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ ይህ በየ15 ደቂቃው ሲደጋገም በቀን 8 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። 2400 የያዘ ባትሪ አሥር ወር ያህል ይቆያል ማለት ነው። ያንኑ ቁጥር ሎራ በተባለው ረጅም ርቀት የሚደርስ ሬዲዮ ብንልከው 60 ሚሊሰከንድ ገደማ በ40 ሚሊአምፔር ይበቃል። መልስ ካለ ተብሎ ለአፍታ የሚከፈተውን የመቀበያ መስኮትና የእንቅልፉን ፍጆታ ስንጨምርበት እንኳ የቀኑ ድምር ከሩብ ሚሊአምፔር ሰዓት አይበልጥም። ሥራው ያው፣ ባትሪው ያው ሆኖ ፍጆታው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይለያያል።

ጀማሪን ይበልጥ የሚያስተው ግን ማዳመጥ ነው። መላክ ጉልበት የሚጠይቅ፣ መስማት ደግሞ በነጻ የሚገኝ ይመስላል። የኖርዌዩ ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር የሠራው ኤንአርኤፍ24 የተባለው ርካሽ ሬዲዮ ዳታሺቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ሲልክ 11.3 ሚሊአምፔር፣ በሙሉ ፍጥነቱ ሲያዳምጥ 13.5 ሚሊአምፔር። በዚያ ላይ መላክ በጥቂት ሚሊሰከንድ ያልቃል። አድማጩ ግን መልእክቱ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ጆሮውን ሳይዘጋ መጠበቅ አለበት። እንዲህ ሲጠብቅ የዋለ ያደረ ሬዲዮ 2400 ሚሊአምፔር ሰዓቱን በሰባት ቀን ተኩል ያሟጥጠዋል። ተኝቶ ሲቀመጥ የሚስበው ግን 0.9 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው።

የመረቡን ቅርጽም የሚወስነው ይኸው ነው። ብዙ ጀማሪ «ሜሽ» የሚባለውን፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የጎረቤቱን መልእክት ተቀብሎ የሚያሳልፍበትን አደረጃጀት ሲሰማ ይማረክበታል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል፣ ርቀቱም ሳጥን በጨመሩ ቁጥር ይረዝማል። እውነት ነው። ነገር ግን የሌላውን መልእክት የሚያሳልፍ መሣሪያ ማዳመጥ አለበት፤ የሚያዳምጥ ደግሞ አይተኛም። ለዚህ ነው ዚግቢና ትሬድ በተባሉት የሜሽ መረቦች ውስጥ አሳላፊ የሚሆኑት በግድግዳ መብራት የሚሠሩት አምፖሎችና ሶኬቶች ሲሆኑ፣ በባትሪ የሚሠሩት የበርና የሙቀት መለኪያዎች ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚተኙት። በ2017 የወጣው ብሉቱዝ ሜሽም ይህን ችግር አላመለጠም፤ የሚተኛውን መሣሪያ መልእክት በአደራ የሚይዝለት «ወዳጅ» ጎረቤት ሰጠው፤ ወዳጁ ግን መብራት ይፈልጋል። ሁሉም መሣሪያዎች ሰዓታቸውን በጥንቃቄ አስማምተው በቀጠሮ የሚነቁበት ሜሽም አለ። የበርክሌዩ ክሪስ ፒስተር ያቋቋመው ደስት ኔትወርክስ በዚህ መንገድ ለፋብሪካዎች አስተማማኝ መረብ ሠርቷል። ይህ ግን የዓመታት የምህንድስና ውጤት ነው፤ በመጀመሪያ ፕሮጀክት የሚሞከር አይደለም።

የምመክረው የኮከብ ቅርጽ ነው። መሐል ላይ መብራት ያለው፣ ሁልጊዜ የሚያዳምጥ አንድ ጌትዌይ ይቀመጥ፤ ዙሪያውን ያሉት ሁሉ ይተኙ፤ ሲነቁ ራሳቸው ይናገሩ፤ ትእዛዝ ካላቸው ከተናገሩ በኋላ ለአጭር ጊዜ ሰምተው ይተኙ። እኛ አገር መብራት ስለሚጠፋ ጌትዌዩም መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው። ባለ ባትሪዎቹ መሣሪያዎችም መልስ ካጡ መለኪያቸውን በማስታወሻቸው ይዘው በሚቀጥለው ተራ እንዲልኩት ኮዱ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። መልስ እስኪመጣ በየሰከንዱ እየደጋገመ የሚሞክር ኮድ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት የወር ባትሪ ይጨርሳል።

አሁን ቦርዱን በቅርብ እንየው፤ ብዙው ባትሪ ሳይታወቅ የሚፈሰው እዚህ ነው። የኢኤስፒ32 ዳታሺት በጥልቅ እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፔር ገደማ ይላል። ሰው ይህን አንብቦ ቦርዱን ይገዛል፣ የእንቅልፍ ኮዱን ይጽፋል፣ በቴስተር ሲለካው ግን ብዙ ሚሊአምፔር ያገኛል። ቺፑ አልዋሸም፤ ተኝቷል። ያልተኙት ጎረቤቶቹ ናቸው። ርካሽ የልምምድ ቦርዶች ላይ ዘወትር የምናገኘው ኤኤምኤስ1117 የተባለው ሬጉሌተር ምንም ጭነት ሳይኖርበት ለራሱ ብቻ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል። «አለሁ» እያለ የሚበራው ቀይ መብራት አንድ ሁለት ሚሊአምፔር ይጨምራል። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ቺፕም ድርሻ አለው። እነዚህ ሁሉ ለመማሪያ ተብለው የተቀመጡ ናቸው፤ ለማሳ አልተዘጋጁም። መብራቷን በብየዳ ማንሣት፣ ሬጉሌተሩን እንደ ኤምሲፒ1700 ባለ ለራሱ 1.6 ማይክሮአምፔር ብቻ በሚወስድ መተካት፣ ወይም ከመጀመሪያው ለባትሪ ታስቦ የተሠራ ቦርድ መግዛት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ኤምሲፒ1700 የሚሰጠው እስከ 250 ሚሊአምፔር መሆኑን ልብ በሉ። ኢኤስፒ32 ዋይፋይ ሲከፍት ለቅጽበት እስከ 240 ስለሚስብ አጠገቡ ደኅና ካፓሲተር ካልተቀመጠ ቮልቴጁ ወርዶ ቺፑ ራሱን እንደገና ያስነሣል።

ሌላዋ ስውር ቀዳዳ ሁለት ሬዚስተር ናት። የባትሪውን ቮልቴጅ ለማወቅ ሁለት እኩል ሬዚስተር ከባትሪው እስከ መሬት ቀጥሎ መሐሉን ማንበብ የተለመደ ነው። እጅ ላይ ያለው 10 ኪሎኦም ስለሆነ ሰው እሱን ይቀጥላል። በ4 ቮልት ባትሪ ላይ ይህ ሳያቋርጥ 200 ማይክሮአምፔር ያፈሳል፤ በዓመት ከ1700 ሚሊአምፔር ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። የባትሪውን ጤንነት እንዲጠብቅ የተቀመጠው መለኪያ ባትሪውን ከሁሉ በላይ ይበላዋል። ሁለቱን በ1 ሜጋኦም ብንተካቸው ፍሰቱ ወደ 2 ማይክሮአምፔር ይወርዳል፤ ንባቡ እንዳይዋዥቅ መሐሉ ላይ ትንሽ ካፓሲተር መጨመር ነው። የአፈር እርጥበት መለኪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ርካሾቹ እንደተሰኩ ጥቂት ሚሊአምፔር ይስባሉ፤ ስለዚህ ኃይላቸውን ከማይክሮኮንትሮለሩ እግር ወይም በትንሽ ትራንዚስተር በኩል እየሰጡ፣ ለክቶ ወዲያው ማጥፋት ይገባል። ቦሽ የሠራው ቢኤምኢ280 የሙቀት፣ የእርጥበትና የአየር ግፊት መለኪያ ግን ተኝቶ 0.1 ማይክሮአምፔር ብቻ ስለሚፈልግ ሁልጊዜ እንደተሰካ መተው ይቻላል።

ወደ ቺፖቹ ስንመጣ፣ አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ኢቭሪያ ውስጥ ለተማሪዎች ተብሎ ከተጀመረ ወዲህ ብዙው ሰው የሚተዋወቀው ከኤቲሜጋ328ፒ ጋር ነው። ባለ 8 ቢት፣ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና 2 ኪሎባይት የሥራ ማስታወሻ ያለው አሮጌ ቺፕ ነው። ለዚህ ሥራ ግን አሁንም አከብረዋለሁ። ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት ስለሚሠራ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ያለ ሬጉሌተር በቀጥታ ይበቃዋል፤ ሰዓት ቆጣሪው ብቻ ነቅቶ ሲተኛ 4 ማይክሮአምፔር ገደማ ይስባል። ትልቁ ኡኖ ቦርድ ለባትሪ አይሆንም፤ ትንሹ ፕሮ ሚኒ፣ ባለ 3.3 ቮልቱና ባለ 8 ሜጋኸርዙ፣ መብራቱና ሬጉሌተሩ ሲነሡለት ጥሩ መነሻ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ ቮልቴጁ ከ2.7 ሲወርድ ሥራ እንዲያቆም ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሁለት ድንጋይ 2.7 ቮልት ሲደርሱ እያንዳንዱ ገና 1.35 ቮልት ላይ ነው፤ ማለትም አብዛኛው ኃይሉ ገና ውስጡ ነው። የቺፑን ፊውዝ አስተካክሎ ገደቡን ወደ 1.8 ማውረድ፣ ፍጥነቱንም አብሮ መቀነስ የባትሪውን ዕድሜ በእጅጉ ያራዝመዋል።

ከኤስፕሬሲፍ በ2014 ኢኤስፒ8266፣ በ2016 ደግሞ ኢኤስፒ32 ሲወጡ ዋይፋይ በርካሽ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ገባ። ባትሪን በሚመለከት ችግራቸው እንቅልፉ ላይ አይደለም፤ ሲነቁ ከራውተሩ ጋር የሚያደርጉት ረጅም ትውውቅ ላይ ነው። ቋሚ አድራሻ መስጠትና የራውተሩን ቻናል በማስታወሻ መያዝ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀው ኢኤስፒ-ናው የተባለው መንገድ ነው። ራውተር የሚባል ነገር መሐል ሳይገባ አንዱ ቺፕ ለሌላው አጭር መልእክት በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ይልካል። አንድ ኢኤስፒ32 በመብራት ተሰክቶ ያዳምጣል፣ ሌሎቹ ይተኛሉ፣ ሲነቁ መልእክታቸውን ልከው ይተኛሉ። ተቀባዩ በዚያው ጊዜ ከቤት ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ከሆነ ላኪዎቹ በራውተሩ ቻናል ላይ መላክ አለባቸው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ከኮዱ ጋር ሲታገል ይውላል። ለቤትና ለግቢ መጀመር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይነሣ እላለሁ፤ ዕቃው በቀላሉ ይገኛል፣ የአርዱዊኖ ኮድም ይቀበላል፣ ስሕተትም ቶሎ ይታያል።

የኖርዲክ ኤንአርኤፍ52 ቤተሰብ ከሁሉ ይቆጥባል። ኤንአርኤፍ52832 ሰዓቱን እየቆጠረ ሲተኛ 2 ማይክሮአምፔር ገደማ ስለሚወስድ በአንዲት የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ላይ የብሉቱዝ መለኪያ ከዓመት በላይ ማቆየት ይችላል። ዋጋው በትምህርት ይከፈላል፤ የራሱን የፕሮግራም መጫኛ መሣሪያና ዜፊር የተባለውን ሰፊ ሥርዓት መልመድ ይጠይቃል። የኤስቲኤም32 ቤተሰብም እንዲሁ ነው፤ በተለይ የሎራ ሬዲዮን ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር በአንድ ቺፕ ያዋሐደው ዓይነት ለሁለተኛ ፕሮጀክት ያማረ ምርጫ ነው። በ2021 በ4 ዶላር የወጣው ራስበሪ ፓይ ፒኮ ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ ይመኘዋል፤ ለመማሪያ ድንቅ ቦርድ ነው፣ ነገር ግን በጥልቅ እንቅልፉ እንኳ 0.8 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሚስብ ሁለት የባትሪ ድንጋዮችን በአራት ወር ውስጥ ያለ ሥራ ይጨርሳቸዋል። ለመብራት አጠገብ ይሁን።

ሬዲዮን ስንመርጥ መጀመሪያ የሚነሣው ድግግሞሹ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ በዓለም ሁሉ ክፍት ስለሆነ ዋይፋይም፣ ብሉቱዝም፣ ዚግቢም፣ ኤንአርኤፍ24ም ተጨናንቀውበታል። ከውኃ ጋርም አይስማማም፤ ውኃ የጠጣ ግንብ፣ ለምለም ቅጠልና የሰው ገላ ይመጥጡታል። በድንቹ ማሳ ላይም ተክሉ ሲያድግ ሬዲዮው የሚደርስበት ርቀት አጥሮ ነበር፤ ያ መረብ ከጊጋኸርዝ በታች የሚሠራ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያሉት ድግግሞሾች በአጠቃላይ እንቅፋትን በተሻለ ያልፋሉ። ሲገዙ ግን ቁጥሩን ማየት ያሻል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ሲከፍል አፍሪካና አውሮፓ በቀጣና 1 ናቸው። 433 ሜጋኸርዝ በዚህ ቀጣና ለእንዲህ ያለ አገልግሎት የተመደበ ነው፤ 915 ሜጋኸርዝ ግን የአሜሪካ አህጉራት ነው፤ እዚህ በአካባቢው የሞባይል ስልክ አገልግሎት ይሠራበታል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ ብዙ ሞጁሎች ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ ዘመድ ሲያመጣ 915 ይዞ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ከአንድ ሁለት የልምምድ ሳጥን አልፎ መረብ የሚዘረጋ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሎራ የሚገባው ቦታ ሰፊ ነው። ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሲክሊዮ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ፈጥሮት በ2012 የአሜሪካው ሴምቴክ ገዛው። ድምፁን ሰፋና ዘግየት አድርጎ ስለሚልክ ተቀባዩ ከአየሩ ጩኸት በታች ያለ ምልክት እንኳ ለይቶ ያነባል። በ2017 ፊኛ ላይ የተሰቀለ 25 ሚሊዋት ብቻ ያለው ላኪ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተሰምቷል። ይህ የሚነግረን ግን ሎራ ሁልጊዜ ያን ያህል ይሄዳል ማለት አይደለም፤ ላኪና ተቀባይ ከተያዩ ብዙ ይኬዳል ማለት ነው። ለእኛ ደጋማ አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ጫፍ ላይ የተተከለ አንድ ጌትዌይ ከሥሩ ያለውን ሜዳ ሁሉ ሊያይ ይችላል፤ ከሸንተረሩ ጀርባ ያለውን ግን ኃይል በመጨመር ማምጣት አይቻልም።

ርቀቱ ደግሞ በባትሪ ይከፈላል። ሎራ ከ7 እስከ 12 የሚደርሱ የፍጥነት ደረጃዎች አሉት፤ በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር መልእክቱ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ7 ላይ 60 ሚሊሰከንድ የፈጀው አጭር መልእክት በ12 ላይ ከ1 ሰከንድ ተኩል ብዙም አያንስም። ቅድም ከሩብ ሚሊአምፔር ሰዓት በታች ያልነው የቀን ፍጆታ አሁን ወደ አንድ ተኩል ይጠጋል። ጀማሪ «እንዲደርስልኝ» ብሎ ሁሉን 12 ላይ ያደርገዋል፤ ባትሪውንም፣ የጎረቤቶቹን አየርም ይጨርሳል። በአውሮፓ ደንብ በብዙዎቹ የ868 ሜጋኸርዝ ቻናሎች ላይ አንድ ላኪ በሰዓት ከ36 ሰከንድ በላይ አየሩን መያዝ አይፈቀድለትም፤ ደንቡ ባይኖርም መልካም ጉርብትና ነው። ከደረጃው በፊት አንቴናው ይስተካከል። ቀጥ ያለ ሽቦ ለ433 ሜጋኸርዝ 17 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ለ868 ደግሞ 8.5 ገደማ ተቆርጦ ከመሬት አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ቢል ከብዙ ዋት ይበልጣል። ያለ አንቴና ፈጽሞ መላክ አይገባም፤ የሬዲዮው የመጨረሻ ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

መሣሪያዎቹ ጥቂት እስከሆኑ ድረስ ሎራን ባዶውን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ መጠቀም ይበቃል። ሲበዙ ሎራዋን የተባለው ሥርዓት ሥራውን ያቃልለዋል፤ የእያንዳንዱን የፍጥነት ደረጃ ራሱ ያስተካክላል፣ መልእክቱንም በ128 ቢት ቁልፍ ይመሰጥራል። ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው ዋዚአፕ የተባለው ፕሮጀክት በምዕራብ አፍሪካ ለገጠር የሚሆኑ የሎራ መሣሪያዎችን ከዚያው ከርካሹ ፕሮ ሚኒ ሠርቶ አሳይቷል፤ ሰነዶቹም ለሁሉ ክፍት ስለሆኑ ለእኛ ሁኔታ ይቀርባሉ።

ስለ ባትሪው ምርጫ ጥቂት ልበል። የሳንቲም ቅርጽ ያላት ሲአር2032 ከ220 ሚሊአምፔር ሰዓት ብዙም አትበልጥም፤ ከዚያ ይልቅ የምትቸገረው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሳብባት ነው፤ ዋይፋይን አትችልም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡት 18650 ሊቲየም ባትሪዎች ርካሽ ናቸው፣ ግን መከላከያ ሰርኪዩት ሳይኖራቸው መጠቀም አደጋ አለው፤ ሙሉ ሲሆኑም 4.2 ቮልት ስለሆኑ ሬጉሌተር ግድ ይላሉ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት 3.2 ቮልት ላይ ረጋ ብሎ ስለሚቆይ ለኢኤስፒ32 ያለ ሬጉሌተር በቀጥታ ይስማማል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ጋር ሲጣመር ለዓመታት ይሠራል፤ ሰሌዳው የሚመረጠው ግን በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ደመና ተሰልቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ካልተለካ ወረቀት ላይ ይቀራል። ተራ ቴስተር የእንቅልፉን ፍሰት ለማየት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በማይክሮአምፔር መደብ ላይ እንዳለ ቺፑ ነቅቶ ብዙ መሳብ ሲጀምር የቴስተሩ ውስጣዊ ሬዚስተር ቮልቴጁን ያወርድበትና ቺፑ ይወድቃል። ቴስተሩን በማብሪያ ማጥፊያ አልፎ እንዲሄድ አድርጎ፣ ከተኛ በኋላ ብቻ መንገዱን በቴስተሩ በኩል ማዞር ይህን ያልፈዋል። አቅም ያለው ትምህርት ቤት ወይም ቡድን የኖርዲክን የኃይል መለኪያ ኪት ቢገዛ ሙሉውን ታሪክ በስክሪን ላይ ያየዋል፤ መንቃቱን፣ መለካቱን፣ መላኩን፣ መተኛቱን። አንድ ተማሪ ያንን ሥዕል አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ኮድ የሚጽፍበት መንገድ ይለወጣል።

እንግዲህ አንድ ጌትዌይና ሁለት መሣሪያ ብቻ ሠርታችሁ ጀምሩ፤ አሥር አታድርጉት። እያንዳንዱ መልእክት ከመለኪያው በተጨማሪ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ከአንድ ጀምሮ እየጨመረ የሚሄድ ተራ ቁጥር፣ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ መሣሪያው ለምን እንደተነሣ። ተራ ቁጥሩ ሲዘል መልእክት አየር ላይ ጠፍቷል፤ አንቴናውንና ቦታውን ፈትሹ። ተራ ቁጥሩ ወደ አንድ ሲመለስ መሣሪያው ራሱን አስነሥቷል፤ ካፓሲተሩንና ባትሪውን ተመልከቱ። ቮልቴጁ ከሒሳቡ ፈጥኖ ሲወርድ አንድ ነገር አልተኛም፤ በቴስተር ፈልጉት። ኤንአርኤፍ24 ምስጢር የመጠበቂያ መንገድ በራሱ የለውም፤ የቤት በር ወይም የውኃ ቧንቧ የሚከፍት መልእክት የምትልኩ ከሆነ ቁልፉን በኮድ መጨመር አለባችሁ፤ ያው ተራ ቁጥር ደግሞ ትናንት የተላከውን መልእክት ቀድቶ ዛሬ የሚደግም ሰው እንዳያታልላችሁ ይጠቅማል። ሁለቱን ሳጥኖች አንዱን ፀሐይ፣ አንዱን ዝናብ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጣችሁ አንድ ወር ሙሉ ሳትነኳቸው ተዉአቸው፤ ሦስተኛውን ቦርድ የምታዝዙት የዚያ ወር መዝገብ እጃችሁ ከገባ በኋላ ይሁን።